ያልተጻፈው ክፍለ ጊዜ፤ ፍትሐዊ አሠራር፣ የሥራ እርካታና በጎ ፈቃድ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መምህራን ዘንድ

(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተነበበ)



በየትምህርት ቤቱ፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት አለ፤ ይኸውም የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ የትኛውን ክፍል እንደሚያስተምር በዚያ ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር የትምህርት ቤትን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ትምህርት ቤቱን በእርግጥ አቁሞ የሚያኖረው ሥራ ከዚያ ወረቀት ላይ አይገኝም። ገብስ ሲታጨድ ሦስት ሳምንት የቀረውን ልጅ ከመጨረሻው ደወል በኋላ አስቀምጦ ማካፈልን የሚያስተምረው መምህር፣ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ልትዳር ነው የሚል ወሬ ሰምታ ቅዳሜ ማለዳ ጋራ አቋርጣ ወደ ወላጆቿ የምትሄደው መምህርት፣ ክረምት ሳይገባ የመማሪያ ክፍሉን ግድግዳ ከተማሪዎቹ ጋር ጭቃ የሚመርገው መምህር፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩት ያልተጻፈውን ክፍለ ጊዜ ነው።

ይህ ሥራ ደመወዝ አይከፈልበትም፤ ባይሠራም አያስጠይቅም። በዓመቱ መጨረሻ በሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ ቦታ ቢያገኝ እንኳ በአንዲት ነጥብ ተጠቃሎ የሚያልፍ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ የቆመ ዕለት ትምህርት ቤቱ በሩ እንደ ተከፈተ፣ ደወሉም እንደ ተደወለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ መምህሩ ይህን ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ለብዙ ዓመት ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን እጁን አጣጥፎ በደወል ገብቶ በደወል እንዲወጣ የሚያደርገውስ?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሙያ ፍቅር ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህንን የሚወዱት በአብዛኛው አለቆች ናቸው። ሁለተኛው ደመወዝ ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህ የመምህራኑ መልስ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በተለይም ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰውን ሰው ስለ እርካታ ማነጋገር ነውር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሆኖም ሁለቱም አንድ ነገር ሳያብራሩ ይቀራሉ። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ የደመወዝ እርከን፣ በአንድ ዓይነት ብርድ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይኖራሉ፤ በአንደኛው መምህራኑ እስከ ምሽት ከልጆች ጋር ይውላሉ፤ በሌላው ግን የመጨረሻው ደወል ሳያባራ ግቢው ጭር ይላል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሙያቸውን የሚጠሉ ሰዎች የተከማቹበት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክፍሉ፣ ፈረቃው፣ ሥልጠናው፣ ቤቱ፣ ዝውውሩና ምስጋናው በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው።

ይህ አስተያየት የዚህ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቼስተር ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ድርጅት የሚኖረው የሠራተኞቹ የመተባበር ፈቃድ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ጆን ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስረዳው፣ ሠራተኛ የሚያገኘውን የሚመዝነው ብቻውን አይደለም፤ የደከመውንና ያገኘውን ከጎኑ ካለው ሰው ድካምና ዋጋ ጋር ያስተያያል፤ ሚዛኑ የተዛባ ሲመስለውም ድካሙን ይቀንሳል። ቲቦና ዎከር የተባሉት ምሁራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ፍርድ ቤት ክርክር ባደረጉት ጥናት፣ ተከራካሪው ቢረታም እንኳ የተሰማና አካሄዱ ያልተደበቀበት እንደሆነ ፍርዱን የመቀበል ዝንባሌው ከፍ እንደሚል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴኒስ ኦርጋንና ባልደረቦቹ የሥራ እርካታን ከግዴታ በላይ ከሚሠራ በጎ ሥራ ጋር አያያዙት። በኋላም በልዩ ልዩ አገር፣ በእስላማዊ ትምህርት ቤቶች መምህራን ላይ ጭምር፣ ይኸው ጥያቄ ተጠንቷል። የጥናቶቹ ሐሳብ በአጭሩ፣ ሰው ከታዘዘው አልፎ የሚሠራው በአግባቡ መያዙን ሲያምን ነው የሚል ነው። ይህን ለመንዝ ገበሬ ቢነግሩት አዲስ ነገር የሰማ አይመስለውም።

የቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም፣ ለየመደቡ እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ባለድርሻዎቹ ጭራሮ፣ ጠጠር ወይም ቅጠል፣ ብቻ የየራሳቸውን ምልክት ያዋጣሉ፤ የማን ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያኖራል። አጥንት የበዛበት የደረሰው ሰው ቤቱ ገብቶ ያጉረመርም ይሆናል፤ በጎረቤቱ ላይ ግን ቂም አይዝም፤ ለሚመጣው በዓልም ከቅርጫው አይወጣም። ሥጋውን ጓዳ ገብተው ቆራርጠው፣ «ይህ የአንተ ነው» ብለው ቢያወጡለት ግን፣ ሻኛ እንኳ ቢደርሰው «ለእገሌስ ምን ሰጡት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሁን ወደ አገሩ መሬት እንመለስ። የመንዝ አምባ በብዙ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ዛፍ የሚያንሰው፣ ውርጭና ነፋስ የማይለየው፣ ገብስና በግ የሚበዛበት አገር ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከዘመሮ ጥቂት ሰዓት የተጓዘ ሰው ግን ድንገት ከገደል አፋፍ ይደርሳል፤ ከታች ያለው ቆላ ሌላ ዓለም ነው። መርሐቤቴም እንዲሁ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆ ተከብቦ፣ ከለሚ በኩል የሚመጣ ተሽከርካሪ እስከ ጀማ ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣበት አገር ነው። እንግዲህ በወረዳው ከተማ የሚያስተምረው መምህርና በገደሉ ሥር የሚያስተምረው መምህር በማዕረግ አንድ ናቸው፤ በደመወዝም ቢሆን በአንድ እርከን ላይ እስካሉ ድረስ ያው ናቸው። አንደኛው መብራትና ሐኪም ቤት በቅርቡ አለው፤ ልጆቹንም ከቤቱ ያስተምራል። ሁለተኛው ለአንድ ወረቀት ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለመምጣት ዳገት ወጥቶ ቀን ሙሉ ይጓዛል፤ የታመመም እንደሆነ በቃሬዛ ይወጣል። ሴት መምህርት ስትሆን ችግሩ ይብሳል፤ የምትከራየው ቤት ከትምህርት ቤቱ መራቁና መንገዱ ጫካ መሆኑ ብቻውን ሥራ ለማስለቀቅ ይበቃል።

ለዚህ መፍትሔው ዝውውር ነው። ዝውውር ደግሞ ደንብ አለው፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የጤና ሁኔታ፣ ባልና ሚስትን ማገናኘት፣ የመሳሰሉት ሁሉ የሚቆጠሩ ናቸው። በደንቡ ላይ ቅሬታ ያለው መምህር ጥቂት ነው። ቅሬታው የሚመጣው ደንቡ ከተጻፈበት ወረቀት ወደ ስም ዝርዝሩ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ስምንት ዓመት በቆላ የኖረ መምህር ስሙን ሲያጣና ሦስት ዓመት የቆየው ባልደረባው ወደ ከተማ ሲወጣ፣ ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ ምናልባት ሁለተኛው ሰው ሕመም ይኖርበታል፤ ወይም በከተማው የጎደለው የእርሱ ትምህርት ዓይነት ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ መምህሩ ራሱ ምክንያት ይፈልግለታል፤ የሚያገኘውም ምክንያት ከእውነተኛው የከፋ ነው። ዘመድ አለው ይላል፤ ግብዣ ጋብዟል ይላል። በሚቀጥለው መስከረም ወደዚያው ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሳል፤ ከደወል በኋላ ግን ማንም ልጅ ከእርሱ ጋር አይቀርም። በመዝገብ ላይ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ጉድለቱን የሚያውቀው ማካፈል ያልገባው ልጅ ብቻ ነው።

የደረጃ እድገቱም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከጀማሪ መምህርነት እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት የተዘረጋው መሰላል የታሰበው መምህሩ ክፍል ሳይለቅ ከፍ እንዲል ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ውጤቱ ከየት እንደ መጣ ሳይነገረው «ፈርም» የሚባል መምህር ግን መሰላሉን የሚያየው እንደ አጥር ነው።

የተደበቀ አሠራር በመምህራን ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በዘመኑ አጠራር ሴክተር ሪቪው፣ ተካሄደ። ጥናቱ የአገሪቱን ትምህርት ከሥር ጀምሮ ለማሻሻል የታቀደ ሲሆን፣ ለብዙኃኑ የገጠር ልጆች መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስን የመሰለ ዛሬም ቢሆን የማይናቅ ሐሳብ ነበረበት። ይሁን እንጂ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ያልተካፈሉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱም እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠው ወረቀት ፈንታ ወሬ ነገሠ። ደመወዝ ሊቀነስ ነው ተባለ፤ የክፍል ተማሪ ቁጥር ሊበዛ ነው ተባለ፤ የድኻ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ሊከለከል ነው ተባለ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር አባላት የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ዕለት ስለ ነዳጅ ዋጋ አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ማዋሉን አቆየ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው።

ስለ የካቲት 66 መንስኤዎች ብዙ ተጽፏል፤ ረሀቡም፣ የነዳጁ ዋጋም፣ የወታደሩ ቅሬታም በውስጡ ነበሩ። በዚህ ንግግር ተፈልጎ የተነሣው ግን አንድ ነጥብ ነው። ጥናቱ ገና ከጅምሩ በመምህራን ፊት ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ የግድ ባልተወደደ ነበር፤ በዝርዝር ግን ይሞገት ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር ለሙያው ይጠቅም ነበር። የተደበቀው ግን ያልያዘውን ሁሉ እንደያዘ ተቆጠረ። ከዚህም አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን ከሥራ በተሰናበቱ ጊዜ የተነሣው ቅሬታ ከግቢው ወጥቶ የአገር ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። የዚያ ጉዳይ ሃይማኖታዊና ፖለቲካዊ ጎን ሰፊ ነው፤ በዚህ ቦታም አይዘረዘርም። የአንድ መምህር ስንብት የራሱ የመምህሩ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ግን ሁለቱም ዘመኖች ይመሰክራሉ።

የአወሊያ ነገር ከተነሣ፣ ደመወዝ ያልነበረውን የማስተማር ሥራ መመልከት ተገቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል ከመንግሥት ትምህርት ቤት በፊት በዚህ አገር ቤት ነበረው። በመንዝና በመርሐቤቴ ደብር ባለበት ሁሉ የኔታ ነበሩ፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አሉ። ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ንባብ ያስነብባሉ፤ ዳዊት ያስደግማሉ፤ ሊቅ ከሆኑም ዜማና ቅኔ ያስተምራሉ። ከአምባው ወደ ምሥራቅ ሲወረድ፣ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በአርጎባ መንደሮች፣ ይኸው ሥራ የሼኹ ነው። ልጁ ሉሑን ይዞ ይቀመጣል፤ ቁርኣኑን ካኸተመ በኋላ ፍላጎት ያለው ደረሳ ሆኖ ወደ ኪታብ ይገባል፤ ፊቅሁን፣ ነሕዉን፣ ተፍሲሩን ለመቅራትም ከሼኽ ወደ ሼኽ ይሄዳል። ለብዙዎቹ መንገዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎ ያመራ ነበር፤ ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና የሚባሉት የትምህርት ሥፍራዎች በ19ኛው መቶ ዓመት የገነኑ ናቸው። በጌታ ሐጂ ቡሽራ ያቆሙት ማዕከል ከመሥራቹ በኋላም ደረሳ መሳቡን አላቋረጠም።

የኔታም ሆኑ ሼኹ የወር ደመወዝ አልነበራቸውም። የሚኖሩት ከመሬታቸው፣ ከምእመናኑ ስጦታ፣ ከዘካና ከሰደቃ፣ ተማሪዎቻቸው ከሚያግዟቸው ሥራ ነበር። ሆኖም ከንጋት እስከ ምሽት ያስተምራሉ፤ የገፋው ተማሪም ጀማሪውን ያስተምራል። ከደወል በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደወልም አልነበረም። ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ነው፤ ለአጅር ነው ቢባል እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ከእምነቱ በተጨማሪ በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። ማን ምን እንደ ሰጠ፣ ለየኔታ ወይም ለሼኹ ምን እንደ ደረሰ፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በሠርግና በለቅሶ የሚቀመጡበት ሥፍራ ይታወቃል። ምክራቸው ሳይጠየቅ የሚቆረጥ ነገር ጥቂት ነበር። እርካታቸው ከዚህም ይመነጫል፤ የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ የጥቂቱን ልክ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ እነርሱን አሳንሶ ለሌላው በጎን ያበዛ የለም።

በዚህ ሥዕል መደሰት ቀላል ነው፤ አደገኛም ነው። «ጽድቁን እርሳቸው ያገኛሉ» እያሉ የየኔታን ቀለብ የረሱ ደብሮች ጥቂት አይደሉም። በድርቅ ዘመን ስጦታው ሲነጥፍ መጀመሪያ ጉባኤያቸው የሚበተነው እነዚሁ መምህራን ናቸው። በጎ ፈቃድን ማመስገን ሌላ ነው፤ በጎ ፈቃድን እንደ በጀት መቁጠር ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚያደርግ አለቃ፣ ቄስም ሆነ ሼኽ፣ ርእሰ መምህርም ሆነ ኃላፊ፣ ያላስቀመጠውን ገንዘብ እንደሚያወጣ ሰው ነው።

በዘመናዊው እስላማዊ ትምህርት ቤት ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት መምህራን ይገኛሉ። አንደኛው የኮሌጅ ምስክር ወረቀት ያለው፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ የሚያስተምር፣ እርከኑና ደመወዙ በግልጽ የታወቀ ነው። ሁለተኛው አሥራ አምስት ዓመት ከሼኽ ሼኽ እየዞረ የቀራ፣ ኢጃዛ የተቀበለ፣ ቁርኣንና ዐረብኛ የሚያስተምር ነው፤ ይህ ሰው በመንግሥት መሰላል ላይ የሚቆምበት እርከን የለውም፤ ስለዚህም የሚከፈለው በስምምነት፣ አንዳንዴም በይሉኝታ ነው። ሁለቱ በአንድ የመምህራን ክፍል ይቀመጣሉ፤ ሻይም አብረው ይጠጣሉ። አዳምስ የተናገረለት ሚዛን ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅኔ ከነአገባቡ የተቀኘው፣ ድጓ ያስመሰከረው መሪጌታ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ለማስተማር ቢፈልግ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። የትምህርቱ ዘመን ሲቆጠር ከዲግሪ ይበልጣል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ከጓሳ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው የመንዝ ጓሳ ሜዳ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለልዩ ልዩ ሥራ የሚያጭደው የጓሳ ሣር ይበቅላል። ይህን ሜዳ ለመጠበቅ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። ተጠቃሚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ፣ በምርጫቸው የሚሾሙት አባ ቄራ ሜዳውን ያስዘጉ ነበር። ሦስትም፣ አራትም፣ አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሣሩ በደረሰ ጊዜ የመክፈቻው ቀን በይፋ ይነገራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭድ ይዞ ይወጣል። ሲዘጋ ገብቶ የተገኘ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ኖሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ በአማራ ማኅበራዊ ኑሮ ከኅብረት ይልቅ ግለኝነት እንደሚጎላ ጽፏል፤ የጓሳ ሜዳ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ደሳሳ ጎጆው የሚያፈስበት ሰው አምስት ዓመት ሣሩን እያየ ሳያጭድ የታገሠው፣ ጎረቤቱም እንደማያጭድ፣ የሚከፈትበትንም ቀን ከእርሱ ቀድሞ የሚያውቅ እንደሌለ ስለሚያምን ነበር።

ግን የቄሮ ሌላ ገጽም አለው። የአስቦና የጌራ ትውልድ ያልሆነው፣ ምንም እንኳ በዚያው አገር ቢኖር፣ ከሜዳው ድርሻ አልነበረውም። ሥርዓቱ በክቡ ውስጥ ላሉት ፍጹም ያህል ፍትሐዊ ሲሆን፣ ከክቡ ውጭ ላሉት ግን ምንም ፍትሕ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቄሮ ሥልጣን ፈረሰ፤ ሜዳው ለሁሉም ተከፈተ፤ ያን ጊዜም ደግሞ የሚዘጋው ጠፋና ሣሩ ተጎዳ። ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰቡ ጥበቃ ሥር እንደገና ቆሟል። ከዚህ የሚታየው፣ አሠራርን ግልጽ ማድረግ አንድ ጉዳይ ሆኖ፣ በአሠራሩ ውስጥ ማን እንደሚቆጠር ደግሞ ሌላ ጉዳይ መሆኑን ነው። በትምህርት ቤትም እንዲሁ፣ ነጥቡ በጥንቃቄ የተቆጠረበት የመምህራን ዝርዝር ኢጃዛ ያለውን ሼኽ፣ ድጓ ያስመሰከረውን መሪጌታ፣ በውል የተቀጠረውን መምህር ከናካቴው ካላስገባ፣ ትክክልነቱ ግማሽ ነው።

ስለ በጎ ፈቃድ ራሱ አንድ ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። የአገሩ ሰው ወንፈልና ደቦን ለይቶ ያውቃል። ወንፈል ብድር ነው፤ አንተ ለእኔ አንድ ቀን፣ እኔ ለአንተ አንድ ቀን፣ ይቆጠራል። ደቦ ግን ጥሪ ነው፤ አይቆጠርም። ስለማይቆጠርም የራሱ ሕግ አለው። ጠሪው ሰው በየቤቱ ሄዶ በክብር ይጠራል፤ ራሱም ከሠራተኞቹ ጋር ማጭድ ይዞ ይወጣል፤ ጠላው ቀጥኖ እንጀራው አንሶ እንደሆነ ይቅርታ ይጠይቃል። ደቦ ጠርቶ እርሱ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው የሚመጣለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመምህሩ ያልተጻፈ ክፍለ ጊዜ ደቦ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት «በፈቃደኝነት» ተብሎ ስም ዝርዝር ወጥቶበት፣ ያልመጣ መምህር በግምገማ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ቃሉ ፈቃድ ይላል፤ ነገሩ ግን ወንፈልም አይደለም፤ ብድሩ አይመለስምና። መዋጮም እንደዚሁ ነው፤ ሳይጠየቅ ከደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ ለመልካም ሥራ ቢውል እንኳ ሰጪው እንደሰጠ አይሰማውም። መምህራን ለአገር ጥሪ ወደኋላ የሚሉ ሆነው አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በማግስቱ ዓመት የዩኔስኮን ሽልማት ያስገኘው፣ የቆመው በእነርሱና በተማሪዎቻቸው ትከሻ ላይ ነበር። በዚያ ዘመቻ ውስጥ ግዴታውም ፈቃዱም ተቀላቅለው ነበር፤ ሽማግሌ ስሙን ሲጽፍ ያየ ዘማች ግን ግዴታው ቶሎ ይረሳዋል።

አሜሪካዊው ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ መምህራን ባሳተመው ጥናት፣ የመምህር ትልቁ ዋጋ ተማሪው ሲገባው ማየቱ መሆኑን ጽፏል። ይህን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ነው፤ አለቃ አይሰጠውም፤ ሊከለክለውም አይችልም ይባል ይሆናል። ይችላል። ለማስተማር የቀረውን ጉልበት በቅሬታ እንዲጨርስ በማድረግ ይከለክለዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ይነሣል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዚህ ዘመን ውስጥ ያለፉ መምህራን አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም። ከትምህርት ቤታቸው አጠገብ የቆየ አለ፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ የወጣ አለ፤ ሥራውን ለቆ ሌላ መተዳደሪያ የያዘ አለ። የቆየው የቆየው በድፍረት ሊሆን ይችላል፤ መሄጃ አጥቶም ሊሆን ይችላል። የሄደውም የሄደው በፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ የታመመች እናት ይዞም ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሁሉ በተከፈተ ጊዜ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ፈተና እነዚህን ሰዎች በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ያልተከፈለው ደመወዝ ለማን በምን መልክ ይከፈላል? በግጭቱ ዘመን ሳይሞላ የቀረው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንዴት ይታያል? ወደ ከተማ ወጥቶ በዚያ የተመደበው ይመለሳል ወይስ ይቀራል? ከቀረስ፣ በገደሉ ሥር ስምንት ዓመት የጠበቀው መምህር ተራ የት ይገባል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉንም የሚያስደስት መልስ አይኖርም። ገንዘቡ ያንሳል፤ ቦታውም ያንሳል፤ አጥንት የሚደርሰው ሰው መኖሩ አይቀርም። የሙያ ማኅበሩ ሊያደርግ የሚችለው ግን አለ፤ ይኸውም የምደባው መለኪያ ስም ከመውጣቱ በፊት በየትምህርት ቤቱ እንዲነበብ፣ ነጥቡ ሲቆጠር ከየጉድኝቱ የተመረጠ መምህር እንዲገኝ፣ ያልተሳካለትም ሰው በስንት ነጥብ እንዳልተሳካለት በጽሑፍ እንዲነገረው መጠየቅ ነው። ይህ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት፣ ማኅተምና የመለጠፊያ ሙጫ ነው፤ ቦታውም የክፍለ ጊዜው ድልድል ከተለጠፈበት ግድግዳ ላይ፣ ከጎኑ ነው።